ያሬዳዊ ዜማ በፒያኖ፦ የተቀረጹት ሥራዎችና የጋይንት ድርሻ

ንፋስ መውጫ፦ ከደብረ ታቦር ወደ ወልድያ በሚያመራው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ንፋስ መውጫ የላይ ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ ናት። የጋይንት ምድር በአብነት ትምህርት ዘንድ ስሙ የሚነሳው በቤተልሔም የድጓ ምስክር ቤት ሲሆን፣ ድጓ የዘለቁ ደቀ መዛሙርት ከልዩ ልዩ አካባቢዎች ወደዚሁ እየመጡ ያስመሰክራሉ።

ይህ የቃል ትምህርት ከምዕራባውያኑ ፒያኖ ጋር የተገናኘው በዋናነት በእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ አማካይነት ነው። እማሆይ እ.ኤ.አ. በ1923 አዲስ አበባ ተወልደው በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ የተማሩ ሲሆን፣ ከጣሊያን ወረራ በኋላ ካይሮ ሄደው ከቫዮሊን መምህሩ አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ሠልጥነዋል። በኋላም ዓለምን ንቀው በግሸን ማርያም ለአሥር ዓመታት ያህል በምንኩስና ኖረዋል።

እማሆይ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጎንደር ተቀምጠው የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሲያጠኑ፣ መጠለያ አጥተው ደጅ የሚያድሩ የቆሎ ተማሪዎችን ዘወትር ይመለከቱ ነበር። ቁራሽ ለምኖ፣ ለምድ ደርቦ መማር ለጋይንት ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። እማሆይ የሚሰጡት ገንዘብ ስላልነበራቸው በሙያቸው ለመርዳት ቆረጡ። የመጀመሪያ ሸክላቸው እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን ውስጥ ታተመ። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ሥራዎቻቸው የ"ኢትዮፒክስ" ተከታታይ ኅትመት 21ኛ ቅጽ ሆነው በመውጣታቸው በመላው ዓለም ታወቁ። እማሆይ እ.ኤ.አ. በ2023 ኢየሩሳሌም ውስጥ አርፈዋል።

የእማሆይን ሙዚቃ ጃዝ የሚሉት አድማጮች ጥቂት አይደሉም። ሆኖም በብቸኛ ፒያኖ ሥራዎቻቸው የጃዝ ከበሮም ሆነ ባስ አይሰማም፤ የአውሮፓ ክላሲካል አጨዋወት ከኢትዮጵያ ቅኝት ጋር የተዋሐደበት ነው ቢባል ይበልጥ ይቀርባል። ለጃዝ የሚያስመስለው አንዱ ምክንያት ምቱ እንደ ዜማው እስትንፋስ የሚዘገይና የሚፈጥን መሆኑ ነው። የፒያኖ ድምፆች በቁልፎቹ ተወስነው የተቀመጡ በመሆናቸው ድምፃዊ በጉሮሮው የሚያወጣውን ርግረጋ በቀጥታ መስጠት አይችሉም። እማሆይ ግን ከዋናው ድምፅ አስቀድመው ጎረቤት ቁልፎችን በፍጥነት ነካ ነካ በማድረግ ርግረጋውን ያስታውሳሉ።

ጃዝንና ክላሲካልን ለፒያኖና ለኦርኬስትራ በማዋሐድ ረገድ በዓለም የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1924 ኒውዮርክ የቀረበው የጆርጅ ገርሽዊን "ራፕሶዲ ኢን ብሉ" ነው። በሀገራችን የጃዙን በር የከፈቱት ሙላቱ አስታጥቄ አምስት ድምፅ ያላቸውን ቅኝቶች በአሥራ ሁለቱ የምዕራባውያን ድምፆች አጅበዋል፤ "ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ" የተሰኘው አልበማቸውም እ.ኤ.አ. በ1972 ወጥቷል። በሶፊያ የተማሩት ፒያኒስት ግርማ ይፍራሸዋ በክላሲካሉ መስመር ሲጓዙ፣ "ላቭ ኤንድ ፒስ" የተሰኘውን አልበማቸውን እ.ኤ.አ. በ2014 አሳትመዋል።

እነዚህ ሥራዎች ዛሬ የሚደመጡት ተቀርጸው በመቆየታቸው ነው። በየጉባኤ ቤቱ ያሉ አረጋውያን መምህራን ግን ከነዜማ ስልታቸው ሳይቀረጹ ሲያልፉ ይታያል። የድጓው ምልክት በብራና ቢጻፍም ሙሉው አዚያዜም የሚገኘው ከመምህሩ አንደበት ነውና ጉዳዩ የባህል ጽሕፈት ቤቶችን ይመለከታል።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራ አመንጪን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመታት ይጠብቃል። በመሆኑም እማሆይ የደረሷቸው ሙዚቃዎች አሁንም በጥበቃ ሥር ናቸው። አዋጁ ለከዋኞችም መብት ስለሚሰጥ አንድ ባለሙያ መቅረጸ ድምፅ ይዞ ወደ መሪጌታው ሲሄድ በቅድሚያ ፈቃዳቸውን ማግኘት፣ ቅጂው ለምን ተግባር እንደሚውልና የት እንደሚቀመጥም በጽሑፍ መስማማት ይኖርበታል።