የድሮ ሞተር ሹካ እና በእጅ የሚሠሩ ሦስት መሣሪያዎች

ከሆሳዕና ወደ ዶዮገና ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? አቀበትና ቁልቁለት፣ ግራና ቀኝ እንሰት፣ ወደ ቀበሌዎቹ ሲገባ ደግሞ ኮረኮንች ነው። በዚህ መንገድ ሞተር ሳይክል ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር ንጠቱን የሚውጠው የፊት ሹካው ነው።

አሁን የአንድ አሮጌ ሞተር ሹካ ዘይት ማንጠባጠብ ጀመረ እንበል። ዘይቱ ፍሬኑ ውስጥ ከገባ ሰበቃው ይቀንሳል፤ ቁልቁለት ላይ ይህ ቀልድ አይደለም። አዲሱ ኦይል ሲል ተገዛ። ግን ሹካው የሚፈታበትና የሚገጠምበት ልዩ መሣሪያ ከየት ይምጣ? ሞተሩ ካረጀ መሣሪያውን ገበያ ላይ ማግኘት ይከብዳል። ደግነቱ፣ መሣሪያው የትኛውን ችግር እንደሚፈታ ከገባን ራሳችን ልንሠራው እንችላለን።

ሹካው ውስጥ ምን አለ?

አንዱ በሌላው ውስጥ የሚንሸራተቱ ሁለት ቱቦዎች፣ ሞላ፣ ዘይት፣ እንዲሁም ትናንሽ ቀዳዳዎች ያሉት ዳምፐር የሚባል ቀጭን ዘንግ አለ። ሞላ ብቻውን ቢሆን ሞተሩ እንደ ኳስ ይነጥር ነበር። ዘይቱ በጠባቦቹ ቀዳዳዎች ተጨንቆ ሲያልፍ ግን የእንቅስቃሴው ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ንጥረቱም ይበርዳል። እንዲህ በዘይት የሚሠራ ቴሌስኮፒክ ሹካ ቢኤምደብሊው በ1935 (እ.ኤ.አ.) አር 12 በተባለው ሞተሩ ለገበያ አቅርቦ ነበር።

አንደኛ፦ የሚሽከረከረው ዘንግ

ዳምፐሩን ከታች የያዘው አንድ ቡሎን ነው። በብሩግላ ስትፈቱት ዳምፐሩም አብሮ ይዞራል፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ብታዞሩትም አይፈታም። መጀመሪያ ሞላው ሳይወጣ ሹካውን ጫን አድርጋችሁ ሞክሩ። ሞላው ዳምፐሩን ሲጫነው ሰበቃው ይጨምራል፤ አንዳንዴ ይሄ ብቻ ይበቃል።

እምቢ ካለ፣ ሞላውን አውጥታችሁ በባትሪ ወደ ውስጥ ተመልከቱ። የዳምፐሩ አናት ስድስት ማዕዘን ያለው ጉድጓድ ከሆነ፣ ጭንቅላቱ እዚያ ልክ የሚገባ ቡሎን ፈልጉና ረጅም ፌሮ ጫፍ ላይ በብየዳ አስይዙት። ክብ ከሆነ ደግሞ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ የመጥረጊያ እንጨት ወደ ውስጥ ጠበቅ አድርጎ መጫን ብዙ ጊዜ ይሠራል። አንድ ሰው ከላይ ይይዛል፣ ሌላው ከታች ይፈታል።

ሁለተኛ፦ ሳይጣመም የሚገባ ሲል

ኦይል ሲሉን በካቻቪቴ ጫፍ እየመታችሁ ካስገባችሁት በአንድ ወገን ይጣመማል። ምክንያቱም ግፊት ማለት ኃይል ሲካፈል ለስፋት ነው፤ ስፋቱ ትንሽ ሲሆን ግፊቱ አንድ ቦታ ይከመራል። መፍትሔው ኃይሉን ዙሪያውን ማካፈል ነው። የውስጥ ስፋቱ ከላይኛው የሹካ ዘንግ ትንሽ የሚበልጥ፣ የውጭ ስፋቱ ደግሞ ሲሉ ከሚገባበት አፍ የሚያንስ የፕላስቲክ ውሃ ቱቦ ፈልጉ። ጫፉን ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡና በሞረድ አስተካክሉት። በዘንጉ ላይ አጥልቃችሁ እንደ መዶሻ ወደ ታች ምቱበት። ሲሉን ከማጥለቃችሁ በፊት የዘንጉን ጫፍ ዘይት በተቀባ ፌስታል ሸፍኑት፤ ስለታም ጠርዝ የሲሉን ከንፈር ይቆርጠዋል።

ሦስተኛ፦ ዘይቱን መለካት

ዘይቱ ላይ የሚቀረው አየር እንደ ሁለተኛ ሞላ ነው፤ ሲጠብ ሹካው ይደርቃል። የቱቦው የውስጥ ስፋት 27 ሚሊሜትር ከሆነ 1 ሴንቲሜትር ከፍታ 5.7 ሚሊሊትር ገደማ ይይዛል፤ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ብዙም አይበልጥም! ስለዚህ በግምት አይሆንም። ትልቅ ሲሪንጅ ላይ ቀጭን ቱቦ ግጠሙ፤ የሞተሩ መመሪያ የሚለውን ጥልቀት ቱቦው ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉ። ሞላው ወጥቶ ሹካው ሙሉ በሙሉ ታጥፎ እያለ ትንሽ ትርፍ ዘይት ጨምሩ፤ ከዚያ ቱቦውን እስከ ምልክቱ አስገብታችሁ ሳቡ። አየር መሳብ ሲጀምር ልኩ ላይ ደርሳችኋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ! የሹካው ክዳን ሥር ያለው ሞላ የታመቀ ስለሆነ ክዳኑ ሲፈታ ሊፈናጠር ይችላል። ፊታችሁን አርቁ፤ ሥራውንም ልምድ ካለው መካኒክ ጋር ሥሩ።

በሚቀጥለው ጊዜ ሰፈራችሁ ያለው ጋራዥ ጥግ ላይ ጫፉ የተበየደ እንግዳ ፌሮ ካያችሁ «ይሄ የትኛውን ችግር ነው የሚፈታው?» ብላችሁ ጠይቁ።