የኤንትሬ ዋጋ በመለዋወጫው ይለካል

ከአዋሽ ሰባት እስከ ሰመራ ባለው መስመር መኪና የሚያሠራ ባለንብረት አንድ ነገር ጠንቅቆ ያውቃል፤ አሮጌ መኪና ርካሽ የሚሆነው በተገዛበት ዕለት ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ሒሳቡን የሚሠራው መለዋወጫ ነው።

በሾፌሮች አጠራር "ኤንትሬ" የሚባለው ፊያት 682 ኤን 3 ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የ682 ዝርያ በጣሊያን መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 ሲሆን፣ በአገራችን የአሰብን መንገድ ለብዙ ዘመን አገልግሏል። በ1990 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት የአሰብ በር ሲዘጋ ጭነቱ ወደ ጂቡቲ ዞረ። ዛሬ በዚህ መንገድ ብዙውን ጭነት የሚስቡት አዳዲሶቹ ባለተሳቢዎች ናቸው። ቢሆንም ኤንትሬ ጨርሶ አልጠፋም።

የጋራዡ ቋንቋ እስካሁን ጣሊያንኛ ነው፤ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ ይባላል። ስሙ ቀርቷል፤ ዕቃው ግን እያለቀ ነው።

የሚገኝባቸው በሮች ሁለት ናቸው። አንደኛው የታረደ መኪና ነው። ደላላው በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያፈላልጋል፤ አቅም ያለው ደግሞ ሁለት ገዝቶ አንዱን ያርድና ሌላውን ያቆማል። ሁለተኛው ቶርኖ ቤት ነው። ቶርኖ ቡሽና ፒን አሳምሮ ያወጣል። የካምቢዮ ጥርስ ግን ተቆርጦ ብቻ አይበቃም፤ ብረቱ በእሳት ካልጠነከረ ቶሎ ይበላል። በሰመራ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ሲወጣ ደግሞ በቅድሚያ የሚፈተኑት ራዲያተሩና የቴስታታው ጓርኒሲዮን ናቸው።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አሮጌ የስፖርት መኪና የሚያድሱ ሰዎችም ገጥሟቸው ነበር። ኤም ጂ ቢ የተባለችው መኪና ከ1962 እስከ 1980 እ.ኤ.አ. ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ከተመረተች በኋላ ቆመች። ሆኖም የቦዲዋ ማተሚያ ፎርማዎች ተፈልገው ተሰበሰቡና በ1988 እ.ኤ.አ. አዲስ ቦዲ ለገበያ ቀረበ። ባለመኪኖቹ ብዙ ስለሆኑና ገበያው ስለታወቀ ማምረቱ አዋጣ።

እኛ ዘንድ ግን እያንዳንዱ ባለንብረት ለብቻው ይፈልጋል፤ ለብቻውም ይከስራል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋው ንሯል። ስለዚህ የታረደውን ዕቃ መዝግቦ፣ መንገዱ ወደ ድሬዳዋና ወደ ሚሌ በሚለያይበት አዋሽ ላይ መጋዘን የሚከፍት ነጋዴ ደንበኛ አያጣም።

ገዢ ለሆኑ አንባቢያን ደግሞ ምክራችን አጭር ነው። ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ያስተያዩ፤ ታርዶ የተገጠመ ሞተር ብዙ ነውና። ከዚያም ካምቢዮውን ያስፈትሹ። መለዋወጫው ከየት እንደሚመጣ ሳያውቁ በዋጋ አይስማሙ።