ፍጹምነትን የመሻት ዋጋ

ሥራን ፍጹም ለማድረግ መትጋት መልካም ጠባይ ነው፤ ልክ ሲያጣ ግን ባለቤቱን ራሱን ይበላዋል። ለዚህም ምስክሩ በስሜን ይገኛል።

ከደባርቅ ተነሥቶ፥ ሳንቃ በርን አልፎ ወደ ጃናሞራ የሚዘልቅ መንገደኛ ከደረስጌ ማርያም ይደርሳል። ደጃዝማች ውቤ ያሠሩዋት ይህች ቤተ ክርስቲያን፥ በ1847 ዓ.ም. ድል አድራጊያቸው ካሣ ኃይሉ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡባት ናት።

ንጉሠ ነገሥቱ ያሰቡት ታላቅ ነበር፤ መሳፍንት ለአንድ ዘውድ እንዲያድሩ፥ የባሪያ ንግድ እንዲቀር፥ መድፍ በአገር ውስጥ እንዲሠራ ወደዱ። ይህንንም ሁሉ በአንድ ሰው ዕድሜ ለመፈጸም ስለ ቸኰሉ፥ የዘገየው ሁሉ ከዳተኛ መሰላቸው፤ ቍጣቸውም ከጠላት አልፎ በወዳጅ ላይ በረታ። ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በሰው ጕልበት እያስጐተቱ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲሄዱ፥ አብዛኛው ሠራዊት ከድቶ፥ አገሩም ሸፍቶባቸው ነበር። ታማኙ ፊታውራሪ ገብርዬ በእሮጌ ከወደቁ በኋላ፥ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን በገዛ እጃቸው ገደሉ።

እንግዲህ ሹምም ሆነ መምህር ሥራውን አጥርቶ ሊሠራ ይገባዋል፤ ነገር ግን የራሱን አቅምና የባልንጀራውን ድካም ይመዝን። ቴዎድሮስ የዠመሩትን የአንድነት ሥራ ዮሐንስና ምኒልክ ቀጠሉት፤ በአንድ ትከሻ የሚያልቅ ሸክም አልነበረምና።