ወልወል የማን ነው? ጦርነት ሲመጣ የተማረ ሰው ሥራ

በባምቢስ በኩል ወደ ካዛንቺስ በየቀኑ ስንመላለስ የሰፈሩ ስም ከየት እንደመጣ የምንጠይቅ ስንቶቻችን ነን? ካዛንቺስ «ካዜ ኢንቺስ» ከሚለው የጣልያንኛ ስም የመጣ ነው። ይኸውም ፋሺስቶች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባን በያዙበት ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ያሠሯቸው ቤቶች መጠሪያ ነበር። ሰፈሩ በቅርቡ ብዙው ፈርሶ መልኩ ቢለወጥም ስሙ አልፈረሰም። እንግዲህ ያ ጦርነት ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም ማለት ነው።

ባለፈው በዕረፍት ሰዓት አንድ ጓደኛችን «ጦርነት ከመጣ የተማረ ሰው ምን ይፈይዳል? ወረቀት እኮ ጥይት አያቆምም» ሲል ሰማሁት። አባባሉ እውነትነት አለው፤ ሙሉ እውነት ግን አይደለም። ምክንያቱን ስለዚያው ጦርነት በአደባባይ የሠሩ ሁለት የውጭ አገር መምህራንን ታሪክ በማንሣት ላስረዳ።

ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በኦጋዴን ወልወል በተባለ የውሃ ጉድጓድ ዘንድ የኢጣልያና የኢትዮጵያ ወታደሮች ተጋጩ። ከእኛ ወገን ከመቶ በላይ ሰዎች አለቁ። ኢጣልያ «ጥፋተኛዋ ኢትዮጵያ ናት፤ ይቅርታ ትጠይቅ፣ ካሣም ትክፈል» አለች። ኢትዮጵያ ግን ሁለቱ አገሮች በ1920 ዓ.ም. የተፈራረሙትን የወዳጅነትና የዕርቅ ውል ጠቅሳ «በሽማግሌ ዳኞች ይታይልን» ስትል ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አቤት አለች። ኢጣልያ ብዙ ካንገራገረች በኋላ ተስማማች። ወታደሮቿን ግን በመርከብ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ማጓጓዟን አላቆመችም።

በዳኝነቱ ጉባኤ ኢጣልያ ሁለት የራሷን ሰዎች አስቀመጠች። ኢትዮጵያ ደግሞ ፈረንሳዊውን የሕግ ሊቅ አልቤር ደ ላ ፕራዴልንና በጄኔቭ የዓለም አቀፍ ግንኙነት መምህር የነበሩትን አሜሪካዊውን ፒትማን ፖተርን መረጠች። በጉባኤው ፊት ቆሞ የኢትዮጵያን ነገር የሚያስረዳው ጠበቃ ደግሞ የፓሪስ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ መምህር ፕሮፌሰር ጋስቶን ዤዝ ነበሩ።

ዤዝ በሰኔ መጨረሻ 1927 ዓ.ም. በሆላንድ አገር በተደረገው ስብሰባ ላይ ያነሡት ነገር ቀላል ነበር። ወልወል የማን መሬት ነው? በ1900 ዓ.ም. በተፈረመው የድንበር ስምምነት መሠረት ቢለካ ቦታው ከድንበሩ ወዲህ፣ ወደ ኢትዮጵያ ብዙ ገብቶ ነው የሚገኘው። ሰው ግቢህ ገብቶ ሲደባደብ «ማን ቀድሞ መታ?» ከማለት በፊት «ግቢው የማን ነው?» መባል የለበትምን? የኢጣልያ ወገን ግን ይህ ጥያቄ ጨርሶ አይነሣም ብሎ ስብሰባው ተቋረጠ። ቆይቶም የማኅበሩ ምክር ቤት ዳኞቹ የድንበሩን ጉዳይ እንዳያዩ ወሰነ። ዳኞቹ፣ ግሪካዊው ኒኮላስ ፖሊቲስ አምስተኛ ሆነው ተጨምረውባቸው፣ ነሐሴ 28 ቀን 1927 ዓ.ም. «ለግጭቱ ሁለቱም ወገን ተጠያቂ አይደሉም» ሲሉ በአንድ ድምፅ ፈረዱ።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ማየት አለብን። ፖተርን የመረጠቻቸው ኢትዮጵያ ብትሆንም ዳኛ እንጂ ጠበቃ አልነበሩም። ስለዚህ ከኢጣልያኖቹ ዳኞች ጋር አብረው ፈረሙ። በኋላ በ1938 እ.ኤ.አ. ስለ ወልወል ዳኝነት መጽሐፍ አሳትመው አካሄዱ ለትውልድ እንዲታወቅ አደረጉ። ዤዝ ደግሞ የአንድ ወገን ጠበቃ ነበሩ፤ ይህንንም አልሸሸጉም። ምሁር በጦርነት ጊዜ ሲናገር «ይህ ሰው አሁን የሚናገረው እንደ ዳኛ ነው ወይስ እንደ ጠበቃ?» ብሎ መጠየቅ የአንባቢ ፋንታ ነው።

ፍርዱ በተሰጠ ማግስት ኢጣልያ ነገሩን ቀየረች። የወልወሉ ክስ ሲከሽፍባት ባሮን አሎይዚ የሚባሉት መልክተኛዋ ጄኔቭ ላይ «ኢትዮጵያ የማኅበሩ አባል መሆን አይገባትም» የሚል ረጅም ክስ አቀረቡ። ኢትዮጵያ እኮ ከ1916 ዓ.ም. ጀምሮ አባል ነበረች። ከበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ጋር ኢትዮጵያን ወክለው የቀረቡት ዤዝ መልስ ሊሰጡ ሲነሡ አሎይዚ አዳራሹን ጥለው ወጡ። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ወረራው ተጀመረ።

ጦርነቱ እየተካሄደ ሳለ፣ ከጥር 1928 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የዤዝ ፈተና ወደ ገዛ ክፍላቸው መጣ። የቀኝ ክንፍ ተማሪዎች «ለኢትዮጵያ የሚከራከር መምህር አያስተምረንም» እያሉ በጩኸትና በፉጨት ትምህርቱን አወኩ። ፋኩልቲው እስከ መዘጋት ደረሰ፤ ዲኑም ሥራውን ለቀቀ። ልብ በሉ፣ እኚህ ሰው በዚያ ክፍል የሚያስተምሩት ስለ ኢትዮጵያ አልነበረም። የታወቁበት ትምህርት የመንግሥት ገንዘብ አስተዳደር ነው።

ታዲያ ምን ፈየደ? ጥይቱን አላስቆመም። የማኅበሩ ምክር ቤት መስከረም 26 ቀን ኢጣልያ ቃል ኪዳኑን ጥሳ ጦርነት እንደከፈተች አረጋገጠ። ኅዳር 8 ቀን የንግድ ማዕቀብ ተጣለ፤ ነገር ግን ታንክና አውሮፕላን የሚያንቀሳቅሰው ነዳጅ አልተካተተበትም። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተያዘች። የሆነ ሆኖ ከዚያ ወዲያ «አላወቅንም ነበር» ማለት የሚችል መንግሥት አልነበረም። ጥያቄው በአደባባይ ተጠይቋል፤ ዝም በል የተባለበት ቀንም ተጽፎ ቀርቷል።

እኛ ነገ ክፍል የምንገባ ነን። ማናችንም ጄኔቭ ላንቆም እንችላለን። ነገር ግን አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ ሌሎች እንዳይነሣ የሚፈልጉትን ጥያቄ የሚጠይቅበት ቀን ይመጣል። ያን ቀን ልጁን «ተቀመጥ» እንለዋለን ወይስ ካርታውን አውርደን አብረን እንለካለን? ለጓደኛዬ ያለኝ መልስ ይኸው ነው። ወረቀት ጥይት አያቆምም፤ ግን መሬቱ የማን እንደነበረ የሚመሰክር ወረቀት ነው።