ብርድ ሰፈር፣ ትኩስ ፕሮሰሰር

ያውቁ ኖሯል?

● የአዲስ አበባው የፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር ብርድ ለጌም ኮምፒውተር ሲሳይ ነው። የክፍሉ ሙቀት 10 ዲግሪ ሲወርድ የፕሮሰሰሩም በዚያው ልክ ገደማ ይወርዳል። እርስዎ ጋቢ ሲደርቡ እሱ ይተነፍሳል።

● ብርዱ የሰጠውን ግን ከፍታው ይቀንሰዋል። በሰፈሩ ከፍታ፣ በ2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ አየሩ ከባሕር ጠለል አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ፋኑ እኩል ቢሽከረከርም የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። በውኃ የሚቀዘቅዘውም አያመልጥም፤ ውኃው ሙቀቱን መልሶ የሚያስረክበው ለዚያው ስስ አየር ነው።

● የእንጦጦ ጠፈር መመልከቻ ጣቢያ 3,200 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ብዙ ሃርድ ዲስኮች ግን የተፈቀደላቸው እስከ 3,048 ሜትር ነው፤ የውስጥ አንባቢያቸው የሚንሳፈፈው በአየር ትራስ ላይ ነውና።

● ኢንቴል ኮር አይ9-14900ኬ እስከ 253 ዋት ይወስዳል። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ቢወስድም ሙቀቱን በሰፊ ገጹ ይበትነዋል። በካሬ ሴንቲ ሜትር ሲሰላ ትንሿ ቺፕ ከምጣዱ ከ70 እጥፍ በላይ ሙቀት ታወጣለች።

● በለጋሲዮን ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የብዙዎቹ የኤኤምዲ ራይዘን 7000 ፕሮሰሰሮች የሙቀት ጣሪያ ግን ከዚያ በላይ፣ 95፣ የ14900ኬ ደግሞ 100 ዲግሪ ነው። ጣሪያው ሲነካ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ጌሙ የሚንቀራፈፈው ያን ጊዜ ነው።

● ግራፊክስ ካርድ ቀይረው ፕሮሰሰሩ ቢግል አይደነቁ። አዲሱ ካርድ ትኩስ አየር ወደ ኬዙ ይለቃል፤ ፕሮሰሰሩንም ይበልጥ ያሠራዋል።

● ጥፋቱ የማን እንደሆነ የሚለይ ነጻ ምርመራ አለ። የኬዙን ጎን ከፍተው ይጫወቱ። ሙቀቱ በደንብ ከወረደ የጎደለው የአየር መተላለፊያ ነው። ካልወረደ ማቀዝቀዣውን ይንቀሉ፤ ከሥሩ ያልተላጠ ፕላስቲክ ወይም የደረቀ ሙቀት አስተላላፊ ፔስት ሊያገኙ ይችላሉ። አሮጌውን በአልኮል ጠርገው የአተር ፍሬ የምታህል አዲስ ፔስት ያድርጉ።

● የበጋ አቧራ የማቀዝቀዣውን ክንፎች እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍናል። ሲያራግፉ ኮምፒውተሩን ያጥፉ፣ ፋኑንም በጣትዎ ይያዙ። አዲስ ማቀዝቀዣ ከመግዛትዎ በፊት አሮጌውን ያጽዱ!