ለጉራጊኛ ሦስት ተጨማሪ ቁልፍ

በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ፍርድ ቤትና መሥሪያ ቤት ካለ አጠገቡ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤት አይጠፋም። ጠረጴዛው ላይ ያለው ኪቦርድ የላቲን ነው፤ አማርኛውን የሚያመጣው ፕሮግራሙ ነው። ጸሐፊዋ አንዱን ቁልፍ ስትነካ ብ ይወጣል፣ አናባቢውን ስታስከትል ቡ ይሆናል። ለአማርኛ ይህ ይበቃል። ለጉራጊኛ ግን ቦታው ይጠብባል።

አማርኛ ከንፈር ሞጥሞጥ ብሎ ለሚወጣው ድምፅ ብዙ ጊዜ ራብዑን ብቻ ነው የያዘው፦ ሟ፣ ቧ፣ ፏ። በሰባት ቤት ጉራጌ ይኸው ድምፅ ከሌሎቹ አናባቢዎች ጋርም ስለሚመጣ ᎀ፣ ᎁ፣ ᎂ፣ ᎃ ያስፈልጋሉ። ቀ፣ ከ፣ ኸ እና ገም ምላስ ወደ ላንቃ ተጠግቶ ሲጠራቸው የየራሳቸው ሰባት ሰባት ፊደል አላቸው። የዓለም ኮምፒውተሮች የፊደል መዝገብ የሆነው ዩኒኮድ ግዕዝን እ.ኤ.አ. በ1999 ሲቀበል እነዚህን አልያዘም ነበር። በ2005 ገቡ፤ በ2021 ደግሞ ለጉራጌ ጽሕፈት 28 ፊደላት ተጨመሩ። እንግዲህ ፊደሉ ተመዝግቧል። የሚነካው በየትኛው ጣት ነው? አሁን ባለው ኪቦርድ አንዳንዱን ለማግኘት ሦስትና አራት ጊዜ መምታት የግድ ነው፣ ያውም ሺፍት ይዞ።

ጥበቱ የቆየ ነው። የአማርኛ የጽሕፈት መኪና በመሥራት ስማቸው የሚነሳው ኢንጂነር አያና ብሩ፣ ኋላም ኦሊቬቲን የመሳሰሉ ፋብሪካዎች፣ ከ200 በላይ የሆነውን ፊደል በጥቂት ደርዘን ቁልፍ ላይ ማሳደር ነበረባቸው። የአማርኛ መኪናዎች መላ ፊደሉን መበተን ሆነ፦ አካሉ በአንድ ምት፣ ቅጥያው በሌላ ምት። በየወረዳው መዝገብ ቤት ያለ የቆየ ደብዳቤ ሲገለጥ የካዕቡ ቅጥያ ከፊደሉ ወገብ ተላቆ፣ የሣልሱ እግር ወደ ጎን ሸሽቶ ይታያል። ያኔ ብረቱን መቀየር አይቻልም ነበርና ፊደሉ ተቀጣ። ዛሬ ብረቱን መቀየር የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ እኔ ደግሞ ጉራጊኛ የሚጽፍ ሰው ፊደሉን ከማሳጠሩ በፊት ኪቦርዱን ቢነካካ ይሻለዋል ባይ ነኝ።

ለዚህ የሚመቸው ትንሹ ሜካኒካል ኪቦርድ ነው፣ የቁጥር ሰሌዳውና የላይኛው ረድፍ የተተወለት፣ 61 ቁልፍ ያለው። ርካሹ ኪቦርድ ከሥር አንድ ላስቲክ ስለተነጠፈለት አይነካም። በሜካኒካሉ ግን እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ስዊች፣ የራሱ ስፕሪንግ አለው፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው አይናጋም።

ልኩም ግልጽ ነው። የአንድ ተራ ፊደል ቁልፍ ቦታ ከመሐል እስከ መሐል 19.05 ሚሊሜትር ሲሆን እያንዳንዱ ረድፍ ድምሩ 15 ቦታ ነው። የቀኝ ሺፍት 2.75 ቦታ ይዟል፤ 1.75 ቢተውለት ለአንድ ሙሉ ቁልፍ ይተርፋል። ባክስፔስ 2 ቦታ ስላለው እኩል ይካፈላል። የግራ ሺፍት ከ2.25 ወደ 1.25 ሲያጥር ሦስተኛው ቁልፍ ይገኛል። 61 የነበረው 64 ሆነ፣ ኪቦርዱ ግን አንድ ሚሊሜትር አልሰፋም።

ከመግዛት በፊት ከሥር ያለውን ቦርድ ማየት ያስፈልጋል። ብዙዎቹ ቦርዶች ለተለያየ አደራደር እንዲሆኑ ትርፍ ቀዳዳ ተበስቶላቸው ይመጣሉ፤ በሺፍቱ ሥር ጎን ለጎን የተደራረቡ ቀዳዳዎች ከታዩ ሥራው ቀላል ነው። ከሌሉ ሌላ ቦርድ መፈለግ እንጂ መሰርሰር አይሞከርም፣ መስመሩ ይቆረጣል። ስዊቾቹ የሚሰኩበት ላሜራም ለአዲሶቹ ክፍት ቦታ ሊኖረው ይገባል፤ እሱን እንኳ ሞርድ የለመደ እጅ ያስተካክለዋል።

የተቀረው ሬዲዮና ሞባይል የሚጠግን ሰው የሚያውቀው ነው። የስዊቹ ሁለት እግሮች በካውያ ይሞቃሉ፣ የቀለጠው ሶልደር በፓምፕ ይመጠጣል፣ ስዊቹ ከላይ ይነቀላል። እግሩ ሳይለቅ ከተጎተተ ቀዳዳው ውስጥ ያለውን የመዳብ ቀለበት ይዞ ይወጣል፤ ብዙ ቦርድ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ረዣዥሞቹ ቁልፎች ጎናቸው እንዳያዘነብል ከሥራቸው ሽቦ አላቸው። የተከፈሉት ሦስቱም ያንን ሽቦ ስለማይፈልጉ ይወጣል፤ ቢቀር ከአዲሱ ስዊች ጋር ይጋጫል።

ከዚያ ፕሮግራሙ ይመጣል። ኪውኤምኬ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም የሚቀበል ኪቦርድ ከሆነ እያንዳንዱ ቁልፍ የሚልከውን ኮድ ባለቤቱ ይወስናል። ኪቦርድ ግዕዝን አያውቅም፣ ቁጥር ብቻ ነው የሚልከው፤ ቁጥሩን ፊደል የሚያደርገው ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው የጽሕፈት ፕሮግራም ነው። ስለዚህ ሁለቱም ወገን መስማማት አለባቸው። እኔ ብሆን አንዱን አዲስ ቁልፍ ለከንፈሩ ድምፅ፣ ሌላውን ለላንቃው እሰጣለሁ፣ ከተራው ፊደል ቀጥሎ የሚመቱ። ሦስተኛውን ለአራት ነጥብ። የግራውን ሺፍት ግን መጨረሻ ላይ ነው የምነካው፤ ሳታይ የምትጽፍ ጸሐፊ ትንሿ ጣቷ ያንን ስፋት ለምዳዋለች፣ ሲያጥርባት ሳምንቱን ሙሉ ትሳሳታለች።

ካውያ ማንሳት የማይፈልግ ካፕስ ሎክን ይመልከት። ግዕዝ ትልቅና ትንሽ ፊደል ስለሌለው ያ ቁልፍ በአማርኛም በጉራጊኛም ያለ ሥራ የተቀመጠ ነው፣ ያውም ግራ ትንሿ ጣት ሥር። በፕሮግራም ብቻ የከንፈሩን ድምፅ ቢይዝ አንድ ቁልፍ ያለ ብየዳ ተገኘ። ስፋቱም 1.75 ነው፣ ልክ እንደ አጠረው የቀኝ ሺፍት፤ የሁሉም ረድፍ ቁመት እኩል በሆነበት የቁልፍ ክዳን ስብስብ ውስጥ የአንዱን ክዳን ለሌላው ማድረግ ይቻላል። ረድፉ እየተዘቀዘቀ በሚሄደው ስብስብ ግን አይገጥምም፤ ለዚያ 1.75 የሺፍት ክዳን ለብቻው ተፈልጎ ይገዛል።