ፖከር ምን ዓይነት ጨዋታ ነው? ከየትስ መጣ?

በሐዴራም ሆነ በሌሎች ከተሞች የምንኖር ወላጆች፣ ልጆች በስልክ ሲጫወቱት የምናየው ፖከር ተራ ጨዋታ ነው ወይስ ቁማር? ለዚህ አጨዋወቱን ማወቅ ይጠቅመናል።

አገር ቤት ገበጣ ስንጫወት ጠጠሩ ሁሉ ፊታችን ስለሆነ ቆጥረን እናሸንፋለን። ፖከር ግን ባልታየ ካርታ ላይ ገንዘብ ማስያዝ ነው። ቴክሳስ ሆልደም በሚባለው፣ በጣም በተለመደው ዓይነት፣ እያንዳንዱ ተጫዋች ከ52ቱ ካርታ ለብቻው የሚያያቸው 2 ካርታዎች ይደርሱታል። ከዚያ ለሁሉም የሚሆኑ 5 ካርታዎች ጠረጴዛው ላይ ይገለጣሉ፤ መጀመሪያ 3፣ ቀጥሎ 1፣ በመጨረሻም 1። በየመሐሉ ተጫዋቹ ገንዘብ ያስይዛል፣ ይጨምራል፣ ወይም ካርታውን ጥሎ ይወጣል። እስከ መጨረሻው ከቆዩት መካከል ከ7ቱ ካርታ የተሻለ 5 ያወጣ መሐል የተጠራቀመውን ይወስዳል።

ከሁሉም የሚበልጠው፣ ከ10 እስከ አስ ያሉት አንድ ዓይነት ምልክት ያላቸው 5 ካርታዎች ሲገጥሙ ነው። ከ2,598,960 የአምስት ካርታ አሰላለፎች ይህ 4 ብቻ ነው። ግማሽ ያህሉ ደግሞ አንድ ጥንድ እንኳ የላቸውም። ስለዚህ ምንም ያልያዘ ሰው ብዙ ገንዘብ አስይዞ ሌላውን አስፈራርቶ ያስወጣል። ጥበቡም መዘዙም እዚህ ላይ ነው።

ጨዋታው መልክ የያዘው በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በአሜሪካ፣ በኒው ኦርሊንስ አካባቢና በሚሲሲፒ ወንዝ መርከቦች ላይ ሲሆን በ20 ካርታ ብቻ ይጫወቱት ነበር። ስሙ ፖክ ከተባለ የፈረንሳዮች ጨዋታ እንደመጣ ይነገራል። በ2003 አንድ አሜሪካዊ የሒሳብ ሠራተኛ ከ100 ዶላር ባነሰ የኢንተርኔት ውድድር ጀምሮ ላስ ቬጋስ ላይ 2.5 ሚሊዮን ዶላር አሸነፈ፤ ወጣቶችን የሳበውም ይኸው ወሬ ነው። በዚያው ውድድር የተሸነፉትን 838 ሰዎች ግን ማን ያወራላቸዋል?

በ1977 የወጣው የእስራኤል የወንጀል ሕግ፣ ውጤቱ ከችሎታ ይልቅ በዕድል ላይ የተመሠረተና ገንዘብ የሚያስገኝ ጨዋታን ይከለክላል። አዘጋጁን እስከ 3 ዓመት፣ ተጫዋቹን እስከ 1 ዓመት ያሳስራል። ቁማር ቤት ባልሆነ ቦታ፣ የሚተዋወቁ ሰዎች ለመዝናናት ያህል ቢጫወቱ ግን አይከለከልም።

በስልክ ያለው “ነጻ” ፖከርስ? ሲጀመር የሚታደለው የጨዋታ ገንዘብ ሲያልቅ ተጨማሪው በእውነተኛ ገንዘብ ይሸጣል። ልጁ የሚጫወትበት ስልክ ላይ የእናቱ ወይም የአባቱ ካርቲስ አሽራይ ተመዝግቦ ከሆነ፣ ሒሳቡ የሚታወቀው በወሩ መጨረሻ ነው።